ሳንጠራ የሄድንበት ትምህርት ቤት

ጉርድ ሾላ፣ ጳጉሜን 1991 ዓ.ም.

ውድ አብረኸት፣

«ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ተውኩት። ሰው ሁሉ ደብዳቤውን የሚከፍተው በዚህ ነው፤ አንቺ ደግሞ በልማድ ብቻ የሚባል ነገር እንደማያስደስትሽ አውቃለሁ። ስለዚህ እውነቱን ልንገርሽ። ናፍቀሽኛል፤ ደህናም አይደለሁም። ክረምቱን ሙሉ ብቻዬን ሳወራ ነው የከረምኩት። ሱቅ ውስጥ ስኳር እየመዘንኩ ካንቺ ጋር ስከራከር ደንበኞች ሰምተውኝ ስቀውብኛል።

በናይሮቢ ዞራ የመጣችው ወረቀትሽ ሰኔ ላይ ደረሰችኝ። አጭር ናት። ባለቤትሽ ዑቕባይ ሥራ ማግኘቱን፣ ልጅሽ ሰምሃር ማደጓን ጽፈሽ መጨረሻ ላይ «ትምህርት ቤቱስ?» ትያለሽ። ስለ ሱቄ አልጠየቅሽም፣ ስለ ባሌ ስለ ካሳዬም አልጠየቅሽም፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ብቻ። ይቺ ጥያቄሽ ናት እስከ ዛሬ መልስ አሳጥታኝ የቆየችው። ልጄን እንቁን እዚያው ላቆያት ወይስ ሲኤምሲ ወዳለው የግል ትምህርት ቤት ላዛውራት የሚለው ነገር እኔንና ካሳዬን ሲያነታርከን ነው የከረመው። አሁን ተወስኗል። ውሳኔውን ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰሚው ስላልፈለግኩ ነው የምጽፍልሽ። ደብዳቤውን የሚወስደው ሚስባህ ነው፤ የሀቢባ ባል፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ጫማ የሚሸጠው። ዕቃ ሊያመጣ ዱባይ ሲሄድ እዚያ ቴምብር ለጥፎ ፖስታ ቤት ሊከትልኝ ቃል ገብቶልኛል። ድንበሩ ከተዘጋ ወዲህ ከዚህ በቀጥታ ወደ አንቺ የሚሄድ ፖስታ እንደሌለ ታውቂዋለሽ።

ውሳኔውን ከመንገሬ በፊት ግን እንዴት እንደጀመርን ላውራሽ። እንደማትረሺው አውቃለሁ፤ እኔ መልሼ ማውራቱ ስለሚያጽናናኝ ነው።

ልጆቹ ሁለተኛ ክፍል ነበሩ። እንቁ በመንፈቅ ዓመቱ ከዘጠና ልጅ አራተኛ ወጥታ፣ ካርዷን ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር፤ ዕቃ ሊገዛ የገባ ሁሉ ሳያየው እንዳይወጣ። አንቺ ስኳር ልትገዢ መጣሽ፤ እንደወትሮው በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁሽ። ካርዱን አየሽና እንኳን ደስ ያለሽ አልሽኝ። ከዚያ ስኳሩን ወደ ጣሳሽ ገልብጠሽ ጋዜጣውን በእጅሽ ዳመጥሽውና «እንቁዬ፣ እስቲ ይቺን አንብቢልኝ» አልሻት። እንቁ ወረቀቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ጣቷን በመስመሮቹ ላይ እያስኬደች፣ ከመማሪያ መጽሐፏ ስለ ሰነፏ ጥንቸል የሚለውን ምንባብ አንድም ቃል ሳትስት ወረደችው። ጋዜጣው ላይ የነበረው የቡና ዋጋ ወሬ ነው።

ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር። አፈርኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ፤ የተናደድኩት ደግሞ ባንቺ ነው። ልጄን በሰው ፊት አዋረድሽብኝ ብዬ አኮረፍኩሽ። አንቺ ኩርፊያዬን ከቁም ነገር ሳትቆጥሪ በማግስቱ ተመልሰሽ መጣሽ። ማታ ሰምሃርንም በዚያው ጋዜጣ ሞክረሻት እሷም እንደዚያው እንደሆነች ስትነግሪኝ እንባሽ መጥቶ ነበር። አንቺ ስታለቅሺ አይቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ። ስንተኛ ወጡ እያልን ስንኮራ ልጆቻችን ገና ፊደል እንኳ እንዳላገጣጠሙ ያን ጠዋት ነው የገባን።

እንሂድ አልሽኝ። የት ስልሽ ትምህርት ቤት አልሽ። ማን ጠራን አልኩ። እኛ ሰፈር ወላጅ ትምህርት ቤት የሚረግጠው «ወላጅ አምጡ» ሲባል ነው፤ ልጁ መስኮት ሰብሮ ወይ ተደባድቦ ሲገኝ እናት ነጠላዋን አጣፍታ ትሄዳለች፣ አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ጠይቃ ትመለሳለች። ሳይጠሩት የሄደ ሰው አይታወቅም። በመንገዳችን ያገኘን ሁሉ ምን አጥፍተው ነው እያለ ከንፈሩን መጠጠልን። ጎረቤታችን ወርቅዬማ ልጆቹ እርስ በርስ ተጣልተው መስሏት ልታስታርቀን ከኋላ ከኋላችን መጣች። ዳይሬክተሩም ገና ሲያዩን ልጆቹ ምን እንዳደረጉ ጠየቁን።

«ምንም አላደረጉም» አልሻቸው። «ሳያጠፉ ልናያቸው ነው የመጣነው።»

ሰውየው ከወረዳ ተልከን የመጣን መስሏቸው አንዴ አንቺን አንዴ እኔን ያያሉ። ዓይናችንን በጨው አጥበን ቆምን። ቢጨንቃቸው አስገቡን።

ጠዋት እንሂድ ስልሽ እምቢ ያልሽው ለምን እንደነበር ያን ቀን አየሁት። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ሁሉም ትምህርት ቤት ያምራል፣ ከእረፍት በኋላ ልጆቹም መምህሯም ሲደክማቸው ነው የሚታየው ብለሽኝ ነበር። ገብተን ከፊት ያሉት ልጆች እጃቸውን እያወጡ «እኔ ቲቸር፣ እኔ ቲቸር» ሲሉ እኔ ደስ ብሎኝ በሩ ላይ ቀረሁ። አንቺ እነሱን አልፈሽ ወደ ኋላ ሄድሽ። ያንን ሁሉ ልጅ የምታውቂው በወገቡ ልክ ነው፤ የሰፈሩን ዩኒፎርም ስትሰፊ ኖረሻልና። ከኋላ አራት አምስት ሆነው ባንድ ዴስክ የታጨቁት አንድም ጊዜ እጃቸውን አላወጡም፤ የሚጠይቃቸውም አልነበረም። ደብተራቸውን ገለጥሽ። ጽሑፉ ከሰሌዳ የተገለበጠ፣ የሚያምር ነው፤ ቀይ ቀለም ያለው ግን ቀኑ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ወጥተሽ የሴቶቹን ሽንት ቤት አየሽ። በር አልነበረውም። ሰምሃር ከቤት ስትወጣ ውሃ አልጠጣም የምትለው ለምን እንደሆነ ያኔ ተገለጠልሽ፤ ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር አላወራሽም።

መምህርት የሻሽወርቅ ስትወጣ ፊቷ ጥሩ አልነበረም። ልንከሳት የመጣን ነው የመሰላት፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ለመክሰስ ነበር የመጣሁት።

«ዘጠና ልጅ ነው ያለኝ» አለችን። «አንድ በአንድ ላስነብብ ብል ዓመቱ አይበቃኝም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?»

አፌ ላይ የመጣውን ልናገር ስል ቀደምሽኝ። «እርስዎ ያስተምሩ» አልሻት፤ «ማስነበቡን ለእኛ ይስጡን።»

 እኔና አንቺ ልናስነብብ መሆኑን የሰማሁት ከእሷ ጋር እኩል ነው።

እንዲህ ሆኖ ነው ያቺ ዴስክ የተገኘችው። ከዕቃ ቤት እግሯ የተሰበረ ዴስክ አውጥተን ዑቕባይ በሚስማር መታልን፤ ከኋላ ግድግዳው ጋ አስቀመጥናት። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ሱቁን ለካሳዬ እህት ትቼ፣ አንቺ የስፌት መኪናሽን ሸፍነሽ እንሄዳለን። የሻሽወርቅ ከፊት ታስተምራለች፤ እኛ ከኋላ ልጆቹን ባንድ ባንድ እየጠራን በሹክሹክታ እናስነብባለን። መጽሐፉን በቃላቸው ስለሚወጡት የምናስነብባቸው ከሱቄ የመጣ ጋዜጣ ነበር፤ ዘይት የነካው፣ ጨው የነካው። እኔ ራሴ ከስምንተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ ያን ያህል አንብቤ አላውቅም። መጀመሪያ የሻሽወርቅ ሳታየን ታስተምር ነበር። ወር ሳይሞላ ከደወል በኋላ እየቀረች የትኛው ልጅ የት እንደደረሰ ትጠይቀን ጀመር። ደብተሮቹም ቀይ ቀለም ማየት ጀመሩ። የሽንት ቤቱን በር ነገር ደግሞ ሀቢባ ያዘችው፤ አንቺ በሜትርሽ ለካሽ፣ እሷ ሚስባህን አላስተኛ ብላው በሩ ተሠራ።

የዓመቱ ማብቂያ ላይ ጉድ ፈላ። የሻሽወርቅ ልጆቹ አይተውት የማያውቁት ምንባብ ፈተና ውስጥ አስገባችና ደረጃው ሁሉ ተገለባበጠ። አንደኛ ይወጣ የነበረው የወርቅዬ ልጅ ሃያ ምናምነኛ ሆነ። ወርቅዬ በሱቄ በር ቆማ የልጄን ደረጃ ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ አለች፤ ከዚያ ወዲያ ክብሪት እንኳ ከእኔ አልገዛም ብላ እስከ ወዲያኛው መንገድ ትሄድ ጀመር። እኔ ተዋት አልኩሽ። አንቺ ቤቷ ሄደሽ ምን እንዳልሻት አልነገርሽኝም፤ በመስከረም ግን ዴስኳ ላይ ቀድማን ተቀምጣ አገኘናት። እስከ ዛሬ አንድ ማክሰኞ ቀርታ አታውቅም።

ያን ሰኔ ካርድ ተቀብለን ስንመለስ የተናገርነውን ታስታውሺዋለሽ። እንቁና ሰምሃር ከፊታችን ተያይዘው የታክሲ ላይ ጽሑፍ፣ የሱቅ ስም፣ ያገኙትን ሁሉ እየጮሁ ያነባሉ። ከዚህ አናወጣቸውም፣ ስምንተኛ ክፍልን እዚሁ አብረው ይፈተናሉ ተባባልን። እጅ ለእጅ ተመታተን ሳቅን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እርግጠኛ የሆንኩበት ቀን የለም።

ዓመት አልፎ በሐምሌው ስለሆነው ብዙ አልጽፍም። አንቺ ኖረሽበታል፤ ደብዳቤውም በስንት ሰው እጅ እንደሚያልፍ አላውቅም። ዑቕባይ ከአገር እንዲወጣ በተነገረው ሳምንት አንቺ ሻንጣ ስትከቺ እኔ አጠገብሽ ቆሜ የማይረባ ነገር ሳወራ ነበር። አውቶቡሱ ጋ ሰምሃር አዲሱን ዩኒፎርሟን ለብሳ መጣች። ለአራተኛ ክፍል ብለሽ አስቀድመሽ የሰፋሽላት ነው፤ ሌላ ልብስ አልለብስም አለች። እንቁ ደግሞ እኔስ ለምን ዩኒፎርሜን አልለበስኩም ብላ አለቀሰች። ሁለታችንም ልጆቹን እያባበልን በደንብ ሳንሰነባበት ቀረን። እስከ ዛሬ ሆዴን የሚበላኝ እሱ ነው።

በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ብቻዬን ሄድኩ። ከልጆቹ ጋር ወደ አራተኛ ክፍል ያለፈችው የሻሽወርቅ ስም ስትጠራ ሰምሃር ጋ ደረሰች፤ ጠራች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቀና ብላ እኔን አየችኝና ቀጣዩን ስም ጠራች። ልጆቹ አንድም አልሳቁም። በሰፈሩ ስምሽን ጮክ ብሎ የሚያነሳ ሰው በጠፋበት ጊዜ ያ ክፍል ዝም ብሎ ስለጠበቀሽ ወደድኩት።

ከዚያ ወዲያ ማክሰኞና ሐሙስ አልቀረሁም። ዝናብ ሲጥልም፣ ሲያመኝም ሄጃለሁ። ለሰው ስለ ልጆቹ ንባብ ነው የምለው፤ እሱም ውሸት አይደለም። ግን አንድ ልጅ አስነብቤ ሌላው እስኪመጣ ወደ ጎኔ ዞር የምለው አንቺን ብዬ ነው። ቤትሽን ሌላ ሰው ተከራይቶታል፤ መኪናሽ እኔ ጋ ነው፣ ዘይት እቀባዋለሁ እንጂ መስፋት አላውቅበት። ካንቺ ጋር የነበርኩበት ቦታ ሳይለወጥ የቀረኝ ያ ዴስክ ብቻ ነው።

ካሳዬ ይሄን አውቋል። ነገሩን ያነሳው በትንሣኤ ሰሞን ነው። የእንግሊዝኛው መምህር ከለቀቀ ወዲህ ሌላ አልተመደበም፤ የስፖርቱ መምህር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። እኛ ወላጆች ጽፈናል፣ ሄደናል፣ ደጅ ጠንተናል፤ ይላካል ይሉናል። ሰባተኛ ክፍል ሲገቡ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ያኔ ምን ልትሆን ነው አለኝ። መሥሪያ ቤቱ ያሉት ሁሉ ልጆቻቸውን ሲኤምሲ ነው የሚያስተምሩት። ለአጥሩና ለአበባው ነው የሚሄዱት ብዬ አፌዝኩበት። ስንጨቃጨቅ ሰነበትን። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«ፈለቀች፣ ልጄን እዚያ የምታቆያት ለትምህርቷ ነው ወይስ ለናፍቆትሽ?»

 ካሳዬ ክፉ ሰው ቢሆን እሰድበው ነበር፤ ግን ሲጠይቀኝ እሱም አዝኖ ነበር።

ሐምሌ ላይ ሲኤምሲ ሄድኩ። ብቻዬን፣ ሳልጠራ፣ ከእረፍት በኋላ። የክረምት ትምህርት ይሰጣሉ። እንዲያስጠላኝ ፈልጌ ነው የሄድኩት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። በሩ ላይ ይመልሱኛል ብዬ ነበር፤ ኃላፊዋ ግራ ቢገባትም አስገባችኝ። አበባውን አላየሁም። ፊት ያሉትን አልፌ ወደ ኋላ ሄድኩ። መጨረሻ ላይ የተቀመጠችው ልጅ እጇን አውጥታ ነበር፤ መምህሩም ጠየቃት። ከቦርሳዬ ጋዜጣ አውጥቼ አስነበብኳት፤ አነበበች። እንግሊዝኛ መጽሐፍ ከፍቼ ያልተማሩበትን ገጽ ሰጠኋት፤ እየተንተባተበች አነበበችና ምን ማለት እንደሆነ በአማርኛ ነገረችኝ። ደብተሯ ከቀኑ ሌላም ቦታ ቀይ ቀለም አለው። ሽንት ቤቱን አየሁ። አንቺ ያስተማርሽኝን ሁሉ አየሁ፤ የማወጣለት እንከን አጣሁ። ታክሲ ውስጥ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ እያለቀስኩ ነው የተመለስኩት።

አንቺ ብትሆኚ ምን ትይ ነበር እያልኩ ብዙ አሰብኩ። ትቆጪኝ ይሆናል። ግን ያን ቀን ሱቄ ውስጥ ጋዜጣውን ስትዘረጊ እኔ ደስ እንዲለኝ ብለሽ አልነበረም፤ የልጄን እውነት እንዳየው ብለሽ ነው። ያየሁትን አላየሁም ብል ማንን እንደማታልል አላውቅም። ለካሳዬ ትሂድ አልኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ትከሻዬን ይዞ አጽናናኝ። እጅ ተመታተን የተባባልነውን እኔ አፍርሻለሁ፣ እህቴ። ይኸው በራሴ እጅ ጻፍኩልሽ።

ለእንቁ ስነግራት ስለ አዲሱ ትምህርት ቤት አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።

«ሰምሃር ከመጣች እኔን የት ታገኘኛለች?» አለችኝ።

«እኔ አሮጌው ትምህርት ቤት እኖራለሁ፤ እኔን ታገኛለች» አልኳት። ሳላስበው ነው ያልኩት። ካልኩ በኋላ ግን ሌላ መልስ እንደሌለኝ ገባኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ነበር። የመጪው ዓመት ኮሚቴ ሊመረጥ፣ ዴስኳ ላይ የሚቀመጡትም ሊመዘገቡ። ሁለት ክፍል ሙሉ ሰው መጥቷል፤ ሳይጠሩት የመጣ ሁሉ። ብታዪው ኖሮ እላለሁ። የእንግሊዝኛ መምህሩ ጉዳይ ተነሳ፤ ወርቅዬ ተነስታ እስኪመደብ ድረስ በየሳምንቱ በትምህርት ቢሮው ደጃፍ በተራ እንቀመጥ አለች፣ ተስማማን። የእኔ ተራ ሲደርስ ዳይሬክተሩ ተክዘው፣ ልጅዎን አዛውረዋታል አሉ፣ ደንቡ ደግሞ እዚህ ልጅ ላለው ወላጅ ነው የሚለው፣ እኛ ብንፈልግም በምን እንጽፍዎታለን አሉኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የምትጽፈው የሻሽወርቅ ነበረች። ብዕሯን እንደያዘች ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«የማን ወላጅ ልበል?»

«የሰምሃር ዑቕባይ» አልኩ።

  የልጅሽንም የአባቷንም ስም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሳይፈራ የጠራ ከአንድ ዓመት በላይ አልነበረም። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። የሻሽወርቅ ጎንበስ ብላ ጻፈች።

እንግዲህ ጥያቄሽ መልስ አገኘ፤ ትምህርት ቤቱ አለ፣ እኔም አለሁበት። አሁን ደግሞ ተራው ያንቺ ነው። ፊደሉ አንድ ነው፣ ቋንቋው ግን ለልጅቷ አዲስ ነው፤ ከኋላ ይሆን የተቀመጠችው? ማንስ ያስነብባታል? አገሩ አዲስ ነው ብለሽ እንዳታፍሪ፣ ሳይጠሩሽ ሂጂ። ከዚያ የሆነውን ሁሉ በናይሮቢም ይሁን በዱባይ ላኪልኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ በስሟ የምቀመጥ ሰው ነኝና የልጄን ነገር ማወቅ አለብኝ።

በጉርድ ሾላ የሰምሃር ወላጅ፣
ፈለቀች